አካኪ ወይስ ማቲልድ? በራሱ ላይ ያመጣው የቱ ነው?

አወያይ፦
እሺ ጎበዝ፣ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ተገናኝተን የጀመርነው ጭቅጭቅ አላለቀም፣ እዚሁ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ ባጭሩ። አንደኛው የሩሲያዊው ጎጎል «ካፖርት» ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1842 የታተመ። አካኪ የሚባል ጽሑፍ ሲገለብጥ የሚውል ደሃ ጸሐፊ፣ አሮጌው ካፖርቱ አልጠገን ብሎት በስንት መከራ አዲስ ያሰፋል፣ በለበሰው ቀን ማታ ይዘረፋል። አቤት ሊል ቢሄድ ትልቁ ባለሥልጣን ያንባርቅበታል፣ ታሞ ይሞታል። ሁለተኛው የፈረንሳዊው ሞፓሳ «የአንገት ሐብል» ነው፣ 1884። ማቲልድ ለግብዣ ከጓደኛዋ ሐብል ተውሳ ትጥለዋለች፣ እሱን ለመተካት 10 ዓመት ዕዳ ስትከፍል ትኖራለች፣ መጨረሻ ላይ ሐብሉ ለካ አርቲፊሻል ነበር። ለማን ታዝናላችሁ?

የጠባሴው፦
ይሄ ምኑ ያከራክራል? በታኅሣሥ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት፣ ጠባሴ ላይ ባጃጅ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ካፖርትን ቅንጦት አይለውም። የአካኪ ደመወዝ በዓመት 400 ሩብል ነው፣ ካፖርቱ 80። ሰውዬው የማታ ሻይ ተወ፣ ሻማ ማብራት ተወ፣ የጫማው ሶል እንዳያልቅ በእግሩ ጣት ነው የሚራመደው። ማቲልድስ? ባሏ ጠመንጃ ልግዛበት ብሎ ያስቀመጣትን 400 ፍራንክ ለቀሚስ ወሰደች፣ ቀሚሱ አልበቃ ብሏት ጌጥ ተዋሰች። አንዱን በረደው፣ አንዷን አማራት። በቃ።

ከሸዋ ሮቢት፦
ብርድ ስላንገበገበህ ነው እንዲህ የምትፈርደው። እስቲ እውነቱን እናውራ፣ እዚህ አገር ለሰርግ ወርቅ ያልተዋሰች ማን ናት? እኔ በእህቴ ሰርግ ያደረግኩት የጎረቤት ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ አንገቴን ስዳስስ ነው ያደርኩት፣ ጭፈራው ትዝም አይለኝ። ማቲልድ ሲጠፋባት አልሸሸችም። 36 ሺህ ፍራንክ! ግማሹ ባሏ ካባቱ የወረሰው፣ የቀረው ብድር፣ አራጣም አለበት። ሠራተኛዋን አሰናበተች፣ ቤቷን ለቃ ጣሪያ ሥር ገባች፣ ውሃ ተሸክማ ፎቅ ወጣች፣ ገበያ ላይ በሳንቲም ተጨቃጨቀች። አካኪ እኮ አንድ ቀን ተጮኸበትና ሞተ።

መንዜው፦
«ተጮኸበትና ሞተ» ያልሽው ግፍ ነው፣ ብርዱም አለበት። መንዝ ተወልዶ ቢሆን በርኖሱን ደርቦ ይሄ ሁሉ ድርሰት አይጻፍም ነበር። ግን የምር፣ የካፖርቱን ኮሌታ ልብ ብላችኋል? ደህናው ፀጉር ተወደደና የድመት አደረጉለት፣ ከሩቅ ሲያዩት ደህናውን ይመስላል ተብሎ። እሱም ለሰው ዓይን ያስባል። ጻድቅ አታድርጉት።

የጠባሴው፦
በድመት ፀጉር ልትከሰው ነው? ተው እንጂ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ አንድ ነገር ዘላችኋል። አካኪ የተዘረፈው ከየት ሲመለስ ነው? ባልደረቦቹ አዲሱን ካፖርት ሲያዩ ደግስልን ብለው ያዙት። የኛው «አስመርቅ» ማለት ነው። ከአለቆቹ አንዱ «እኔ ቤት ኑ» አለ። አካኪ መቅረት ፈልጎ ነበር፣ ነውር ነው ሲሉት እሺ አለ። አምሽቶ ባዶ አደባባይ ሲያቋርጥ ነው ያገኙት። ማቲልድም «ጠፋብኝ» ለማለት አፏ አልታዘዝ አላት። እኔ ሁለቱንም የበላቸው ይሉኝታ ነው እላለሁ።

የጠባሴው፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በሷ አልስማማም። የአካኪው ይሉኝታ ነው፣ እሺ። የማቲልድ ግን ኩራት ነው። ይሉኝታ ሰውን ላለማስቀየም ነው፣ እሷ የፈራችው መናቅን ነው። ገና ሲጠፋ ተናግራ ቢሆን ጓደኛዋ «ውይ የኔ ምስኪን፣ ቢበዛ 500 ፍራንክ ቢያወጣ ነው» ብላት ባለቀ።

ከሸዋ ሮቢት፦
እስቲ ደግመህ አንብበው። «ማያያዣው ተሰብሮ ልናሠራው ሰጥተነዋል ብለሽ ጻፊላት» ያላት ማነው? ባሏ! ውሸቱን ያመጣው እሱ፣ ስሙ የሚነሳው የሷ። ደግሞ አዲሱን ስትመልስ ጓደኛዋ ሳጥኑን እንኳ አልከፈተችም፣ ለምን አዘገየሽ ብላ ፊቷን ነው ያጠቆረችባት። ለእንደዚህ ያለች ጓደኛ ነው እውነቱን የምትናገረው?

መንዜው፦
ኧረ ጉድ፣ ባልየውን ማንም አላነሳውም ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
በሱም አትጨክኑ። ከግብዣው በመጡበት ሌሊት ሐብሉን ፍለጋ በእግሩ ወጥቶ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ነው። የውርሱንም ገንዘብ ያወጣው ያለ አንድ ክፉ ቃል ነው።

የጠባሴው፦
አልዋሽም፣ ረስቼው ነበር። ጠመንጃዋም ቀረችበት እኮ! ቅዳሜ እሱን ሦስተኛ አድርገን እናምጣው። ማቲልድን ግን ገና አልለቀቅኳትም፣ ከሸዋ ሮቢት ስትመጪ ሹራብ ያዢ፣ ክርክሩ ያመሻል።