ደመወዜ ሳምንት አይሞላም፣ እናንተ እንዴት ነው የምትቆጥቡት?

ጠያቂ፦ ሥራዬ ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ቤቴ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው። ደመወዝ በገባ በሳምንቱ ታክሲው፣ የሱቅ ዱቤውና የስልክ ብድሩ ተቀራምተውት ኪሴ ባዶ ይቀራል። ከዚያ ያንኑ ብድር መልሼ እወስዳለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዱቤውን ቁረጪ። እኔ አንድ ወር ሙሉ የወጣውን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ፣ ቡናና ሻይ ብቻ የቤት ኪራዬን ሊያክል ምንም አልቀረውም፣ አፈርኩ። አሁን ደመወዝ በገባበት ቀን እቁቤን እጥላለሁ፣ የሚበላው የተረፈው ነው።

መልስ፦ እቁብ ጥሩ ነው። ግን ዕጣሽ መጀመሪያ ከወጣ ብድር ነው፣ ቁጠባ የሚሆነው መጨረሻ ሲወጣ ነው።

መልስ፦ የደሴ ሸዋ በር ልጅ ነኝ፣ አሁን አሜሪካ። እዚህም ክሬዲት ካርድ ያው ነው። በየወሩ ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ እየከፈልኩ ወለዱ ሲቆለልብኝ ከረመ። አሁን የመክፈያው ቀን ሳያልፍ ሙሉውን ዕዳ እከፍላለሁ፣ ለገዛሁት ዕቃ ወለድ የለብኝም።

ጠያቂ፦ ደብተሩን ዛሬ ገዛሁ። በዱቤ አይደለም 😅