ቱርቦ የተገጠመላት ላንድክሩዘር ለወሎ ዳገት፦ ዲፍረንሻል ልቀይር ወይስ ነዳጅ ልጨምር?

የድልብ መንገደኛ (ወልድያ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ናት። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ ቱርቦ አልነበራትም፤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት አዲስ አበባ አስገጥሞላታል። ኢንተርኩለር (የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘው) የላትም። ጎማዋ 285/75 በ16 ነው። ዲፍረንሻሏ 4.1 ነው ብለው ነው የሸጡልኝ፤ ካርዳኑ (ወደ ዲፍረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ) 4.1 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው።

ሥራዬ ከወልድያ ሸቀጥ ጭኜ በድልብ ወደ ጋሸና፣ አንዳንዴም እስከ ላሊበላ ነው። ስመለስ ገብስና ምስር እጭናለሁ። ባዶዋን ማሻአላህ ነው፣ ትበራለች። ችግሩ ጭነት ሲኖር ነው። ድልብ ዳገት ላይ ሦስተኛ ማርሽ አይጎትትም፣ ሁለተኛ ሳስገባ ደግሞ ትጮሃለች። በሁለቱ መሃል የሚሆን ማርሽ የለኝም። ላይ ስደርስ ጥቁር ጭስ ትተፋለች።

የሚገርመኝ የቱርቦው መለኪያ ነው። ቆቦ ሜዳ ላይም ግማሽ ባር፣ ጋሸናም ግማሽ ባር ይላል። ጉልበቱ ግን አንድ አይደለም። መለኪያው ይዋሻል እንዴ?

አንዱ ጋራዥ “የፓምፑን ነዳጅ እንጨምር፣ ቱርቦውንም ወደ 0.9 ባር እናውጣው” አለኝ። ሌላው “የኋላውን ዲፍረንሻል ብቻ በ4.3 ቀይር፣ ርካሽ ነው” አለኝ። የቱን ልስማ?

አንድ ነገር ልጨምር፦ ፎር ዊል ሳስገባ አስፋልት ላይ ትንገጫገጫለች። ከዚህ ጋር ይገናኝ አይገናኝ እንጃ።

የሐይቅ ልጅ

አብሽር ወንድሜ! 0.9 አድርገው፣ ነዳጁንም ክፈተው። የአጎቴ ልጅ እንደዚያ አስደርጎ የሐረጎን ዳገት በሦስተኛ ነው የሚወጣው። ዲፍረንሻል መፍታት ምን አደከመህ።

ጋራዥ ኮምቦልቻ

የሐይቅ ልጅ፣ የአጎትህ ልጅ መኪና ኢንተርኩለር አላት? የጭስ ሙቀት መለኪያስ? ሞተሯስ ያው ዋን ኤች ዜድ ናት? እሱን ሳትነግረን ሰው አታስፈታ።

ድልብ መንገደኛ፣ መለኪያህ አልዋሸም። ግን የሚነግርህ ቱርቦው ከውጭ አየር በላይ ምን ያህል እንደጨመረ ብቻ ነው። የውጩ አየር ራሱ ምን ያህል እንደሳሳ አይነግርህም። ባሕር ጠለል ላይ አየሩ 1 ባር ገደማ ነው። ቆቦ 1,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚያ 0.85 ይሆናል። 3,000 ሜትር ላይ፣ ከድልብ በላይ ያለው አምባ እዚያ ገደማ ነው፣ ወደ 0.7 ይወርዳል። ግማሽ ባር ስትጨምርበት ቆቦ ላይ ሞተሩ የሚያገኘው 1.35 ነው፣ ላይ ግን 1.2። መርፌው ያው ቦታ ቆሟል፣ አየሩ ግን ቀንሷል። ፓምፑ ከፍታውን የሚያውቅበት መንገድ ከሌለው የሚረጨው ናፍጣ ያው ነው። አየር ያላገኘው ናፍጣ ነው ጥቁር ጭስ ሆኖ የሚወጣው። ስለዚህ ላይ ስትደርስ ያንተ ሞተር ናፍጣ በዝቶበታል። በዚህ ላይ ሌላ ናፍጣ ጨምር ያለህ ሰው ጭሱን አላየውም ማለት ነው።

“እሺ አየሩን ልጨምር፣ 0.9 ላድርገው” ትል ይሆናል። ቆቦ ላይ ያለህን 1.35 አምባው ላይ ለማግኘት 0.65 ይበቃሃል። ለዚያም ቱርቦው አየሩን ሁለት እጥፍ ሊያጥፈው ትንሽ ነው የሚቀረው። 0.9 ስታደርገው ደግሞ ከሁለት እጥፍም ያልፋል። ትንሽዬ ቱርቦ እዚያ ስትደርስ ከመጠን በላይ ትሽከረከራለች፣ የምትልከው አየርም ይግላል። ኢንተርኩለር የለህም። የጋለ አየር ደግሞ ሳስቶ ነው የሚገባው። ከፈልክበት፣ ያገኘኸው ግን ሙቀት ነው።

ዋን ኤች ዜድ ደግሞ ለቱርቦ የተሠራ ሞተር አይደለም። መጭመቂያው ከ22 ለ 1 በላይ ነው፣ ናፍጣውም መጀመሪያ ትንሿ ክፍል ውስጥ ገብቶ ነው የሚነድደው። ቱርቦ ይሸከማል፣ ግን በልክ። የእኔ ልክ 0.5፣ ቢበዛ 0.6 ነው። ከዚያ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ነው። ቴስታታ ገዝተህ ታውቃለህ?

እኔ ሌላ መለኪያ እንድታስገባ ነው የምፈልገው። የጭስ ሙቀት መለኪያ። ከቱርቦው በፊት፣ ጭስ መሰብሰቢያው ላይ ይገጠማል። በረጅም ዳገት ላይ 700 ዲግሪን አልፎ ከቆየ እግርህን አንሳ ወይም ማርሽ ቀንስ። ቱርቦ አስገጥሞ ይህን የማያስገባ ሰው አይገባኝም። የፓምፑን ነዳጅም በዚህ መለኪያ እናስተካክለዋለን፣ መኪናው ተጭኖ፣ ዳገት ላይ፣ ላይኛው ቦታ። ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ካቻቢቴ ማዞር ማስተካከል አይባልም። ላይ ሲሆን ጭሱ እንዲጠፋ አድርገህ ብትቀንሰው ቆቦ ሜዳ ላይ ትንሽ ትደክማለች። ትድከም፤ ሜዳ ላይ ምን ያስቸኩልሃል።

አሁን ወደ ዋናው። ጎማህ። 285/75 ቁመቱ 83 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ድሮ የነበራት 7.50 ወይም 235/85 ግን 80.5 ገደማ ነው። ጎማው ስለረዘመ ዲፍረንሻልህ 4.1 ከሆነ ሥራው ወደ 3.96 ወርዷል። ሦስተኛው ያልጎተተው ለዚህ ነው። ቱርቦው ምን ቢያደርግ ጉልበቱ ባነሰ ማርሽ ላይ ነው የምትገፋው። ትልቅ ጎማ ያምራል፣ አውቃለሁ። ደሴ ፒያሳ ላይ ለማቆም ጥሩ ነው።

ከዲፍረንሻሉ በፊት ግን ቁጠር። የሻጭ ወሬ አይበቃም። ሜዳ ላይ አቁማት፣ ካምቢዮውን ዜሮ አድርግ፣ ፎር ዊል አውጣ። መሬት የሚቀሩትን ጎማዎች በሙሉ በታኮ አጥብቅ። አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሳ፣ ከሥሩ ጠንካራ መቆሚያ አድርግ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። ካርዳኑ ላይ በኖራ ምልክት አድርግ። የተነሳውን ጎማ 20 ጊዜ አዙር፣ ልጅ ደግሞ ካርዳኑ ስንት እንደዞረ ይቁጠር። ሌላኛው ጎማ መሬት ላይ ስለቆመ ካርዳኑ የሚዞረው ግማሹን ነው፤ ስለዚህ 41 ከሆነ 4.1 ነው፣ 43 ከሆነ 4.3 ነው። መኪናዋ ሥር ማንም አይግባ።

እና “የኋላውን ብቻ ቀይር” ያለህን ሰው ዳግም አትሂድበት። ፎር ዊል መኪና ላይ የፊትና የኋላው እኩል መሆን አለበት። አለዚያ ፎር ዊል ባስገባህ ቁጥር ፊቱ በአንድ ፍጥነት፣ ኋላው በሌላ ይሄዳል፣ መሃል ያለው ጥርስ ይበላል። የምትቀይር ከሆነ ሁለቱንም፣ ሶማሌ ተራ ጥንዱን አብረው የሚሸጡ አሉ።

አሁን ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር። ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ መውጣት ነው። እኔ ግን የዚህ አገር መኪና ማርሽ የሚመረጠው ለቁልቁለት ነው እላለሁ። ስትወጣ ጉልበት ቢያንስህ በዝግታ ትወጣለህ፣ አለቀ። ገብስ ጭነህ ድልብን ስትወርድ ግን የሚይዝህ ሞተሩ ነው። ቱርቦ ቁልቁለት ላይ አይዝህም። የከበደ ዲፍረንሻል (ቁጥሩ ከፍ ያለ) እና አጠር ያለ ጎማ ግን ሞተሩ እንዲይዝህ ያደርጋሉ፣ ፍሬን ሸራህም አይቃጠልም። ሐረጎ ላይ ከኋላዬ የጋለ ፍሬን ሲሸተኝ የማን መኪና እንደሆነ ለማየት ዞር አልልም፣ ጥግ ነው የምይዘው።

ቅደም ተከተሌ ይህ ነው፦ ቁጠር፣ ጎማውን መልስ፣ የጭስ ሙቀት መለኪያ አስገባ፣ ነዳጁን ቀንስ። ከዚህ በኋላም ሦስተኛው ካልጎተተ ስለ 4.3 እናወራለን። ቱርቦውን ተወው።

የወረኢሉ መስመር

ጋሼ የተናገሩት ልክ ነው። አንድ ልጨምር። ዳገቱን ጨርሰህ ሻይ ቤት በር ላይ ስትቆም ቶሎ አታጥፋት። ቱርቦው እንደጋለ ነው፣ ዘይቱ ከቆመ እዚያው ያርራል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ባለችበት ትንፋሽ ትውሰድ። እኛ መስመር ላይ ረዳቱ “ናፍጣ ታባክናለህ” ብሎ ይጨቀጭቃል፤ አትስማው። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ጠዋት አስነስተህ ወዲያው አትርገጣት፣ ዘይቱ ገና ወፍራም ነው።

የሐይቅ ልጅ

እሺ ተሸነፍኩ 😀 የአጎቴ ልጅ ሞተር ሌላ ነው፣ ጠየቅኩት። ኢንተርኩለርም አለው።

የድልብ መንገደኛ (ወልድያ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ቆጠርን። 20 ጊዜ ስናዞር ካርዳኑ 43 ነው የዞረው! ደግመን ቆጠርነው፣ ያው 43። 4.1 ብለው የሸጡልኝ 4.3 ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የቀረኝ ጎማው ነው ማለት ነው? ደግሞ የፍጥነት መቁጠሪያው ከስልኬ ጂፒኤስ ጋር አይስማማም፣ እሱም ከዚህ ነው?

ጋራዥ ኮምቦልቻ

የኋላው 4.3 ከሆነ በትልቁ ጎማ ወደ 4.15 ነው የወረደው። ወደ 7.50 ስትመልሰው ሙሉውን 4.3 ታገኛለህ፣ ምንም ብረት ሳትፈታ። ለድልብ ደህና ነው። የአሁኑ ቸርኬ ለጠባቡ ጎማ ሰፊ ሊሆን ስለሚችል ልኩን አይተህ ግዛ።

የፍጥነት መቁጠሪያው የሚቆጥረው ከዲፍረንሻሉ በፊት ነው። ስለዚህ ዲፍረንሻል ወይም ጎማ ሲቀየር ይሳሳታል። ጂፒኤሱን እመን።

ግን ቆይ። ሻጩ 4.1 ነው ያለህ፣ የኋላው ደግሞ 43 ዞረ። ፎር ዊል ሳስገባ ትንገጫገጫለች ብለሃል። ደረቅ አስፋልት ላይ ማንኛዋም ፎር ዊል ትንሽ ትጨነቃለች፣ በተለይ ስትታጠፍ። ቀጥ ብለህ ስትሄድም የምትንገጫገጭ ከሆነ ግን ሌላ ነው። የፊቱንስ ቆጠርክ? የፊት ጎማ መቆለፊያዎቹን ቆልፍ፣ አንዱን የፊት ጎማ አንሳ፣ የፊት ካርዳኑ ላይ ምልክት አድርግ፣ ያው 20 ጊዜ። 41 ከወጣ ከአንተ በፊት የነበረው ሰውዬ የኋላውን ብቻ ቀይሮ ነው የሸጠልህ። ቆጥረህ እስክትነግረኝ ድረስ ፎር ዊል እንዳታስገባ፣ ጭቃ ቢሆንም።