ዋጋው ውሉ ላይ ይጻፍ ወይስ ለገበያው ይተው?

ጠያቂው፦ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ የሕክምና ምርምር ተቋም ግኝቱን ለኩባንያ ሲሰጥ፣ የመድኃኒቱን ዋጋ ውሉ ላይ ማሰር አለበት? እኔ አለበት ባይ ነኝ። ታክሶልን እዩት። ይህን የካንሰር መድኃኒት ከዛፍ ቅርፊት ፈልጎ ያስገኘው የአሜሪካ መንግሥት ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ከመድኃኒት ኩባንያው ብሪስቶል ማየርስ ስክዊብ ጋር ውል ተፈረመ። እስከ 2002 ኩባንያው ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጠ። ለመንግሥት የደረሰው ሮያሊቲ፣ ማለትም ከሽያጩ የሚከፈለው ድርሻ፣ 35 ሚሊዮን ዶላር ነው። አስሉት፤ የአንድ በመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

የላብ ሰው፦ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ወሬው ግን ጎደሎ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የተገኘ ነገር ገና መድኃኒት አይደለም። አይጥ ላይ የሠራው ሰው ላይ ላይሠራ ይችላል። በትንሽ ብልቃጥ የወጣው በትልቅ ጋን ሲሞከር ሊበላሽ ይችላል። ከዚያ ሦስት ዙር የክሊኒክ ሙከራ አለ። አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ኪሳራውም የኩባንያው ነው። ደግሞ ያልከው ነገር ተሞክሯል። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት (ኤንአይኤች) በ1989 የትብብር ውሎቹ ላይ «ተመጣጣኝ ዋጋ» የሚል አንቀጽ አስገባ። ኩባንያዎች ሸሹ፤ በ1995 ራሱ ሰረዘው።

ፋርማሲስቷ፦ እኔ ዘንድ የሚሸሸው ሌላ ነው። ሰውየው ማዘዣውን ይሰጠኛል። ዋጋውን ስነግረው ወረቀቱን መልሶ ያጥፍና ኪሱ ይከታል። «እመለሳለሁ» ይላል። አይመለስም። ያ ሰው ግብር ከፋይ ነው እኮ!

ታዛቢ፦ ሁሉም ኩባንያ አይሸሽም። የማጅራት ገትሩ ክትባት መንአፍሪቫክ የተሠራበት ዘዴ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት (ኤፍዲኤ) ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ፓዝ የተባለው ድርጅት ፈቃዱን ከዚያው ከኤንአይኤች ወስዶ ለሕንዱ ክትባት አምራች ሴረም ኢንስቲትዩት አሻገረው። ስምምነቱ አንዱ ክትባት ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች እንዲሸጥ ነበር። በ2010 ቡርኪና ፋሶ በዘመቻ መስጠት ጀመረች። ተቋሙ ያው ነው፣ ውሉ ግን ሌላ።

የላብ ሰው፦ ለዚያ ሥራ እኮ ጌትስ ፋውንዴሽን 70 ሚሊዮን ዶላር አፍስሷል። ለካንሰር መድኃኒት ማን እንዲህ ያደርጋል?

ጠያቂው፦ እዚህ ጋ ነው መለየት ያለብን። የሙከራውንም ወጪ ሕዝብ ከሸፈነ ዋጋው ይታሰር። ኩባንያው ከኪሱ ካወጣ ዋጋውን ራሱ ይተምን፤ ግን በተባለው ጊዜ ካላመረተ ፈቃዱ ይነጠቅ፣ ለድሃ አገሮችም ሌላ አምራች ይፈቀድ።

ታዛቢ፦ «ይነጠቅ» ማለት ቀላል ነው። የ1980ው የቤይ-ዶል ሕግ፣ በመንግሥት ገንዘብ በተገኘ ግኝት ላይ መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ለሌላ አምራች ፈቃድ እንዲሰጥ ለአሜሪካ መንግሥት መብት ሰጥቷል። ስንት ጊዜ ተጠየቀ! ኤንአይኤች አንድም ቀን አልተጠቀመበትም።

ጠያቂው፦ እዚያ መብቱ በባለሥልጣን ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ የምለው ቀነ ገደብ ነው፤ ቀኑ ሲያልፍ ፈቃዱ በራሱ ይፍረስ።

የላብ ሰው፦ እሺ፣ ከኪሱ ስንት እንዳወጣ ማን ያረጋግጣል? መዝገቡን የሚከፍት ኩባንያ አላየሁም።

ፋርማሲስቷ፦ እሱም ውሉ ላይ ይጻፋ!