ትምህርት ቤት ስለ ኢሉሚናቲ ያስተምር ወይስ ዝም ይበል?

የአቶቴ ልጅ፦ እዚህ ሐዋሳ የእህቴ ልጅ በቴሌግራም «ኢሉሚናቲን ተቀላቀል፤ ቤትና መኪና ታገኛለህ» የሚል መልእክት ደርሶታል። መጨረሻው ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? መመዝገቢያ 3,000 ብር! ዓለምን የሚገዛ ማኅበር ሦስት ሺህ ብር ይቸግረዋል? ለማንኛውም፣ ትምህርት ቤቶች ይህን በግልጽ ያስተምሩ ወይስ ባያነሱት ይሻላል?

እናት ነኝ፦ ባይነሳ ይሻላል። ልጅ የሰማውን ሳይሞክር አይተውም።

ባለ ባጃጁ፦ ያልሰማ ልጅ የት አለና! ከመናኸሪያ ፒያሳ እስክደርስ ወሬው ይሄው ነው። አንዱ ዘፋኙ በጣቱ ሦስት ማዕዘን ሠራ ይላል። ሌላው ዶላር ላይ ስላለችው ዓይን ይተነትንልኛል። ዶላሩን የት እንዳየው ግን አይነግረኝም።

የታሪክ መምህር፦ እኔ ይማሩ ባይ ነኝ። ኢሉሚናቲን በ1776 እ.ኤ.አ. ባቫርያ ውስጥ የመሠረተው አዳም ቫይስሃውፕት የሚባል የሕግ መምህር ነው። አባላቱ በስውር ስም ይጠራሩ ነበር፤ የእሱ «ስፓርታከስ» ነበር። በ1784 እና በ1785 የባቫርያ መንግሥት በአዋጅ አገዳቸው፣ ተበተኑ። ዓይኗም በ1782 ከጸደቀው የአሜሪካ ማኅተም የመጣች ናት። አንድ ዶላር ላይ የወጣችው በ1935 ነው። ከሥር በሮማውያን ቁጥር የተጻፈው 1776ም የነጻነታቸው ዓመት ነው።

ጡረተኛው፦ መምህር፣ ሁሉንም ተረት አታድርገው። ጣሊያን ውስጥ በ1981 ሊቾ ጄሊ የሚባል ሰውዬ ንብረት ሲፈተሽ ፒ2 የተባለ ስውር ማኅበር የአባላት ዝርዝር ተገኘ። 962 ስም! ሚኒስትሩ፣ ጄኔራሉ፣ የስለላ ሹሙ ሁሉ አለበት። መንግሥት ወደቀ። ሕዝብ ቢጠረጥር ይፈረድበታል?

የታሪክ መምህር፦ ጋሼ፣ ያ እኮ በፍተሻና በስም ዝርዝር የተረጋገጠ ነው። በጣት ምልክት አይደለም። ልጆቹ ይህን ልዩነት ቢያውቁ ነው የምለው።

እናት ነኝ፦ የፈረንጁን ተዉትና፣ ፈተና ለማለፍ ክታብ የሚያሠራውስ? እሱንም ልታስተምሩ ነው?

ባለ ባጃጁ፦ እህቴ፣ ክታቡም ሦስት ሺውም ያው የአቋራጭ ፍለጋ ነው። ልጁ ሥራ የለውም። ጎረቤቱ ድንገት ፎቅ ሲሠራ ያያል፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚነግረው የለም። «ተዋውሎ ነው» ቢል ምን ይገርማል?

ጡረተኛው፦ ይሁን፣ ያስተምሩ። ግን አስተማሪው ራሱ የሚያምንበት ቢሆንስ?

የታሪክ መምህር፦ እሷ ናት የምታስፈራኝ ጋሼ። ስለ ዘፋኙ ጣት በመጨረሻ የተጨቃጨቅኩት ከተማሪ ጋር አይደለም። ከሒሳብ መምህራችን ጋር ነው።