በሰው ፊት ብር ብሰጣቸው ተቀየሙኝ፣ ምን አጠፋሁ?

የቧንቧ ውሃው ልጅ፦ ሰላም ወሎዬዎች። ከ9 ዓመት በኋላ ከጀርመን ደሴ መጥቻለሁ። ጎረቤታችን አንድ ልብስ ሰፊ ጋሼ አሉ። አባቴ ከሞተ በኋላ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን በነፃ የሚሰፉልኝ እሳቸው ነበሩ። ባለፈው ጎረቤት ቡና ላይ ተሰብስቦ፣ ቶናው ሲቀዳ ብድግ ብዬ 5,000 ብር በእጃቸው አስያዝኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ብሩን ረከቦቱ ላይ፣ ከሲኒዎቹ መሃል አስቀመጡትና "አላህ ይስጥህ ልጄ" ብለው በረካውን ሳይጠጡ ወጡ። እናቴ እስካሁን አኩርፋኛለች። እዚያ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፣ ውሃ እንኳ ሳቀብል "ዳንከ" (አመሰግናለሁ) ሳይሉኝ አይቀሩም። እኛ ጋ ምስጋና የለም ልበል ወይስ ክብራቸውን ነካሁ?

ሐይቅ ዳር፦ ነክተሃል ወንድሜ። ችግሩ ብሩ አይደለም፣ ሰው ፊት መሆኑ ነው። እኛ ጋ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ "እድሜ ከጤና ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ" ብሎ ሲመርቅህ ከፈለህ ማለት ነው፣ አንተም አሚን ብለህ ተቀበልክ። ለምርቃት እንኳ ፋታ አልሰጠሃቸውም። ደግሞ 77ትን ያየ ሰው ናቸው። አያቴ ያኔ ለእርዳታ ስንዴ ተሰልፋ ነበር። ስለ ረሃቡ ታወራለች፣ ስለ ሰልፉ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

የኮምቦልቻዋ፦ ኧረ ተዉ፣ ድህነትን አታቆንጁ! መስጊድና ቤተክርስቲያን በር ላይ የሚለምኑት አዛውንቶች ልጅ አልወለዱም? ጀርመን የጡረታ ሕግ ያወጣችው በ1889 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ አገር የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ የመጣለት በ2003 ዓ.ም. ነው፣ ልብስ ሰፊማ ጡረታው ልጁ ነው። ሲንጋፖር ያን ያህል ሀብታም ሆና፣ ወላጅ ጧሪ ሲያጣ ልጁን የሚከስበት ሕግ በ1995 እ.ኤ.አ. አውጥታለች። ለሽማግሌ ከወንበር መነሳት ራት አይሆንም። ብሩን ስጥ፣ ግን በባለቤታቸው በኩል፣ ማታ።

የቧንቧ ውሃው ልጅ፦ አሁን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መጦሪያው ውስጥ አንዲት አሮጊት 5 ዩሮ ኪሴ ውስጥ ሻጥ አደረጉብኝ። መቀበል ክልክል ስለሆነ መለስኩላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ሳምንት ሙሉ ዳንከም አላሉኝ።

የባቲ ልጅ፦ አየህ፣ ያቺ ሴትዮና ጋሼ አንድ ናቸው፣ አንዷ ዩሮ አላት እንጂ። ሁለቱም ተቀባይ ብቻ መሆን አንገሽግሿቸዋል። እስቲ ሥራ ይዘህላቸው ሂድ። የሚያጥር ሱሪ የለህም?

የቧንቧ ውሃው ልጅ፦ ሄድኩ! ሁለት ሱሪ ይዤ። "ጀርመን መቀስ የለም?" ብለው ሳቁብኝ። የመነጽራቸው አንዱ እግር በክር ታስሯል፣ መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ሦስቴ ሞከሩ፣ ላግዝ ብዬ እጄን ስዘረጋ በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። 500 ሰጠኋቸው፣ 300 መለሱልኝ። ከዚያ ቁጭ አድርገው መረቁኝ፣ ወላሂ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አይቀርም። ስወጣ "ኮት ካለህም አምጣ" አሉኝ። ኮቴ ምንም አልሆነም። ዛሬ ማታ ገበሩን እተረትረዋለሁ።