ከኋላ ግንቡ ሥር ጎርፍ እየገባብን ነው፤ አሁን ምን እናድርግ?

የቀበናዋ (ጠያቂ)፦
እባካችሁ የምታውቁ ሰዎች በፍጥነት መልሱልኝ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የያዘው ዝናብ እስካሁን አላባራም፤ ከቤታችን ጀርባ ካለው የጎረቤት የድንጋይ ግንብ ሥር ቀይ ጭቃ የተቀላቀለበት ውሃ እየመነጨ ወደ ሳሎን ይገባል። በሩ ላይ አሸዋ የሞላንበት ማዳበሪያ ደርድረናል፤ ውሃው የሚመጣው ከኋላ ስለሆነ ግን ምንም አልጠቀመም። ግንቡን ከታች በዲጂኖ በስተን የታቆረውን ውሃ ወደ ቦዩ ብናስወርደው ይሻል ይሆን?

መብራት ዘርጊው፦
እኅቴ፣ ስለ መብራቱ ምንም አላሉም። ውሃው ሶኬት ወይም የምጣዱን ገመድ ሳይደርስበት ዋናውን ብሬከር ይዝጉ። እዚያ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ግድ ከሆነ ግን አይንኩት፤ ሁላችሁም ውጡና መብራት ኃይል እንዲያቋርጥ ንገሩ።

ክረምት በጊዜው፦
ይህ ሁሉ የሚደርስብን ሰኔ ሳይገባ ቦይ የመጥረግ ልማዳችንን ስለተውን ነው። ፌስታሉም፣ የውሃ ፕላስቲኩም፣ የግንባታ ተረፈ አፈሩም ቱቦ ውስጥ ይገባና ጎርፉ መንገድ ሲያጣ የሰው ቤት ይሰብራል፤ ሰፈሩ በጋውን ሙሉ ሲያየው ኖሮ ነሐሴ ላይ ይደናገጣል።

አስተዋይ፦
አሸዋ በማዳበሪያ ሞልታችሁ በሩ ላይ ደርድሩ። መብራትም አጥፉ።

ግንበኛው፦
አሸዋውን እንደደረደሩ ጽፈዋል። እኔ የማልስማማው በጥያቄው መነሻ ነው፤ አሁን የሚያሰጋችሁ ሳሎን የገባው ውሃ ሳይሆን ግንቡ ነው። ውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ያልተተወለት የድጋፍ ግንብ ከጀርባው ውሃ ሲታቆርበት ግፊቱ ይበረታበታል፤ ውሃው ቀይ ጭቃ ይዞ መውጣቱም ግንቡ የቆመበት አፈር እየታጠበ መሆኑን ያሳያል። በዲጂኖ የሚበሳው ሰው የሚቆመው ደግሞ እዚያው ግንቡ ሥር ነው። ፈጽሞ አትንኩት። መሰንጠቁን ወይም ሆዱን መንፋቱን ከሩቅ ተመልከቱና፣ ባይታይባችሁም እንኳ ከግንቡ ቁመት እጥፍ በሚበልጥ ርቀት ሽሹ።

የቀበናዋ፦
ብሬከሩን ዘግተናል። ግንቡ መሃል ላይ ወደ እኛ ያጋደለ ይመስላል፤ አዲስ ይሁን የቆየ ወንድሞቼ አልተስማሙም። ወንዙ ከእኛ ቤት በታች ነው። ችግሩ አያቴ ከአልጋዋ አልነሣም ብላለች፤ ቤቱ ስንት ክረምት ችሏል እያለች ትከራከራለች።

እማማ ጦቢያ፦
ልጄ፣ አትከራከሪያት። ጎረቤት ቡና ተፈልቷል በያት፤ አያቶች ለጎርፍ እምቢ ቢሉም ለቡና ይነሣሉ። ወንድሞችሽ በወንበር ይሸከሟት፣ አንቺ መድኃኒቷን፣ መታወቂያችሁንና የቤቱን ካርታ በፌስታል ቋጥረሽ ያዢ። ለዕቃ ብሎ የሚመለስ እንዳይኖር።

የድሬ ልጅ፦
የእማማን የመጨረሻ ቃል አደራ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ገዜ ጎፋ ውስጥ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ብዙ ሰዎች ሁለተኛው ናዳ ወስዷቸዋል። ወንዙንም አትመኑት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የፈጀው በዙሪያው ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ ተጠራቅሞ ወርዶ ነው። እናንተ ሰፈር ቢያባራም፣ እንጦጦ ላይ እየጣለ እንደሆነ ቀበና ይሞላል።

መብራት ዘርጊው፦
ወደ 939 ይደውሉ። ወረዳውን ብቻ ሳይሆን በአቅራቢያችሁ ያለውን ድልድይ ወይም ቤተ ክርስቲያን ይጥቀሱ፤ ግንቡ እንዳጋደለና አረጋዊት እንዳሉም አስቀድመው ይናገሩ።

ግንበኛው፦
ስትወጡ ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ አስፋልቱ ሂዱ፤ ከግንቡ ሥር የሚያልፈውን አቋራጭ ግን ተዉት። የሚጋልብ ውሃ ከጉልበት በታች ሆኖም ሰው ይጥላል፤ ክዳኑ የተነሣ ማንሆልም በደፈረሰ ውሃ ውስጥ አይታይም። ከፊት የሚሄደው ሰው መሬቱን በዱላ እየነካካ ይምራ፤ አያትን የተሸከሙት እርሱ በረገጠበት ይርገጡ።