«ለሱ ምኑ ነው?» የፈረንጅ ዋጋ ጎንደር ላይ ይቅር ወይስ ይቀጥል?

የፒያሳው ልጅ፦ ትናንት ማታ አንድ የሬዲዮ ውይይት ሰምቼ ሆዴ እንደተቃጠለ ነው ያደርኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ከውጭ የመጣ አዲስ መምህር፣ ጎንደር ከገባ ገና ወር ያልሞላው፣ የገጠመውን ጽፎ ነበር። ከፒያሳ ማራኪ በባጃጅ 300 ብር ከፍሏል። ቲማቲም ጎረቤቱ ከምትገዛበት በእጥፍ ገዝቷል። ቤት ሲያፈላልግ «በዶላር ከሆነ ና» ተብሏል። አዘጋጁ ይህን አነበበና ተጋባዡን «ምን ይላሉ?» አለው። ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለሱ ምኑ ነው?» ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። በየመድረኩ «እንግዳ ተቀባዩ የጎንደር ሕዝብ» እያልን ደረታችንን እንነፋለን። እንግዳው ሲመጣ ኪሱን እንዳብሳለን። ይቀጥል የምትሉ ካላችሁ እስቲ አስረዱኝ።

ባለ ሦስት እግር፦ ባጃጅ ነጂ ነኝ። የተሰደብኩት እኔ ስለሆንኩ ልናገር። ፈረንጅ መስመር አይጠይቅም። ከኋላ ዘርጋ ብሎ ይቀመጥና ስልኩ ላይ ካርታ ያሳየኛል። ሌላ ሰው ልጨምር ብል ፊቱ ይለዋወጣል። ይሄ ኮንትራት ነው። ሦስት ሰው የማስቀምጥበትን ወንበር ብቻውን ይዞ ሲሄድ የሦስቱን ይከፍላል። መመለሻውን ባዶዬን ነው የምመጣው። ቤንዚን ደግሞ ማደያ ተሰልፌ ሳጣ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ነው የምገዛው። እሱን ሬዲዮ ላይ ማን አነሳው?

የፒያሳው ልጅ፦ የሦስት ሰው ሂሳብ 300 ብር ይሞላል? ወንድሜ፣ እኛም እኮ ኮንትራት እንይዛለን።

ባለ ሦስት እግር፦ ማታ ከሆነ ይሞላል።

የፒያሳው ልጅ፦ 8 ሰዓት ላይ ነበር ብሏል።

ባለ ሦስት እግር፦ በማን 8 ሰዓት? በነሱ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሁሉም ሥራ ለመግባት የሚሻማበት ሰዓት ነው። በኛ ከሆነ ደግሞ ፀሐዩ ነው።

ፈንቴ፦ ፀሐይም ያስከፍላል እንዴ ጎንደር ላይ?

እትዬ ማራኪ፦ እኔ አከራይ ነኝ፣ አላፍርበትም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያውም ሲመጣ። እኔ ሮቶ አስቀምጫለሁ። ሲያልቅ በቦቴ አስቀዳለሁ። ኢትዮጵያዊ ተከራይ በባልዲ ይታጠባል፣ ይችለዋል። ፈረንጁ በየቀኑ ሻወር ካልገባ ይታመማል። ማታ ሲያመሽ በር የሚከፍትለት ዘበኛ አለኝ። የሱን ደመወዝ ማን ይከፍላል? ውሃዬንም ዘበኛዬንም አስቤ ነው ዋጋ የምናገረው። እና በርግጥ ለሱ ምኑ ነው? እኔም ልበለው ከተባለ እላለሁ።

የግቢው መምህር፦ እትዬ፣ የውሃውን ሂሳብ ይጨምሩበት፣ ማንም አይቃወምም። ግን በዶላር ለምን? ሮቶው በዶላር አይሞላ! ደግሞ የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቁ አከራዮች አውቃለሁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ ይከለክላል።

እትዬ ማራኪ፦ አዋጁ የትኞቹ ከተሞች ላይ እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ነው። አንተ መምህር ነህ፣ አንብብ።

የግቢው መምህር፦ አንብቤዋለሁ። ስድስት ወር ይጠይቁ የሚል ግን የትም የለም።

እትዬ ማራኪ፦ ልጁ እስካሁን ቤት ካላገኘ ይምጣ። በዶላር አልለውም። ስድስት ወሩን ግን ይከፍላል።

አስጎብኚው፦ ሁላችሁም ትልቁን ነገር ዘላችሁታል። የፋሲል ግቢ በር ላይ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ሁለት ዋጋ ያስቀመጠው ማነው? ባጃጅ ነጂው ነው? መንግሥት ነው። ትልልቆቹ ሆቴሎችም ለፈረንጁ ዋጋውን በዶላር ነው የሚነግሩት። ከላይ ሲሆን ታሪፍ፣ ከታች ሲሆን ሌብነት? አይገባኝም።

የፒያሳው ልጅ፦ ልዩነቱ ቀላል ነው። ግቢው በር ላይ ዋጋው ተጽፏል። ደረሰኝ ይሰጡሃል። ፈረንጁ አንብቦ፣ አውቆ ይገባል። ባጃጅ ላይ ግን ፊቱ ታይቶ ነው ዋጋ የሚወጣለት።

አስጎብኚው፦ ግቢው በር ላይስ ምኑ ታይቶ ነው? ያው ፊቱ ነው። ፓስፖርት ሲጠይቁ አይቼ አላውቅም።

ዝምታ ወርቅ ነው፦ ይሄ ሰው እውነቱን ነው።

ፈንቴ፦ ግቢው ሌላ ነው። 1979 በፈረንጆቹ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የኛ ቅርስ ነው። እድሳቱም በኛ ግብር ነው። እኔ ከደመወዜ እየተቆረጠብኝ፣ ጎብኚ ትንሽ ጨምሮ ቢገባ ፍትሕ ነው። ሽንኩርት ግን ቅርስ አይደለም። እናቴ ቅዳሜ ገበያ ትሸጣለች። መደቡን ደርድራ ትቀመጣለች፣ ዋጋውን አንዴ ትናገራለች። ፈረንጅ መጣ፣ ሐበሻ መጣ፣ መደቡ ያው ነው። ለፈረንጅ ምርቃት ትጨምርለታለች እንጂ አትቀንስበትም። ገበያተኛን ሁሉ አንድ ላይ አትጨፍልቁ።

ባለ ሦስት እግር፦ እናትሽ ይባረኩ። ከአጠገባቸው ያለችው ግን ሁለት ዋጋ ነው ያላት፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ፈንቴ፦ ያቺን አውቃታለሁ። ለኔም ሁለት ዋጋ ነው ያላት።

ከሜሪላንድ፦ ኧረ እኔስ? ባለፈው ክረምት ስመጣ አክስቴ ገበያ ውስጥ «አፍህን እንዳትከፍት» ብላ እንደ ሕፃን እጄን ይዛ ነው ያዞረችኝ። አማርኛዬ የፈረንጅ ቅላጼ አለው ትላለች። አንዴ ብቻዬን ጫማ ልገዛ ገባሁ፣ ሰውየው ነጭ ሸሚዜን አየና ዋጋውን አወጣ። የተወለድኩት እዚሁ ጎንደር፣ ቁስቋም ሥር ነው እኮ!

ባለ ሦስት እግር፦ ለናንተማ ምናችሁ ነው?

ከሜሪላንድ፦ ይኸው! ይሄንን ነው የምፈልገው። ሁለት ሥራ ነው የምሠራው። ሌሊት አሮጊት እንከባከባለሁ፣ ቀን ዕቃ አደርሳለሁ። ሳልተኛ የላክሁት ብር ነው እዚያ ቤት ጣሪያ የሆነው። ምኔ እንደሆነ ልንገርህ?

ባለ ሦስት እግር፦ እኔም ሳልተኛ ነው የምነዳው ወንድሜ። ልዩነቱ አንተ በዶላር አትተኛም፣ እኔ በብር አልተኛም።

የግቢው መምህር፦ ይሄ አባባል ከሥሩ መፈተሽ አለበት። «ለሱ ምኑ ነው» ስትል የሰውየውን ኪስ አይተሃል ማለት ነው። አላየህም። እኛ ጋር የሚያስተምረው ይኸው ልጅ በጎ ፈቃደኛ ነው። የኪስ ገንዘብ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ እሱም በብር። ህንዶቹ ባልደረቦቻችንን ደግሞ ተዋቸው። አንዱ የሽንኩርት ዋጋ ከኔ በላይ ያውቃል፣ ባለቤቴ እሱን ጠይቀህ ና ትለኛለች። የኛ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር የውጭ ሰዎች እጅ ነበረበት። በውጭ መምህር የተማሩ ናቸው የጤና መኮንን ሆነው አገር ያዳረሱት። ስለዚህ የውጭ መምህር ጎንደር ላይ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነው እኛ ስለ ኪሱ ያለን እርግጠኝነት ነው።

ዝምታ ወርቅ ነው፦ መምህር፣ አንተ ግን ሐምሌ 2016ን ረሳህ። ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ የት እንደደረሰ ታውቃለህ። በዶላር የሚከፈለው ሰው ምንም ሳይሠራ በብር ሁለት እጥፍ አገኘ። የኔ ዘይት ደግሞ ሁለት እጥፍ ሆነ። የሱ ጥቅም ከኔ ጉዳት ነው የመጣው። ባጃጁ 300 ቢለው በሱ ሂሳብ ድሮ 150 ከሚከፍለው ብዙም አይበልጥበትም።

የግቢው መምህር፦ በዶላር ለሚከፈለው ልክ ነህ። ይሄኛው በብር ነው የሚወስደው አልኩህ።

ዝምታ ወርቅ ነው፦ ባጃጁ ምኑን ያውቃል?

የግቢው መምህር፦ እኮ! እኔም የምለው እሱን ነው። ካላወቀ ለምን ይናገራል?

ዘ ቁስቋም፦ ታሪክ የማታውቁ ሰዎች ናችሁ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በፈረንጆቹ 1770 ጎንደር ገባ። ቁስቋም ላይ ፈንጣጣ የያዛቸውን የመኳንንት ልጆች አከመ፣ ተከበረ፣ ተሾመ፣ በላ፣ ጠጣ። ሲወጣ መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ ስንት ብራና ይዞ አገሩ ገባ። እኛ ያን ጊዜ ዋጋ አልጠራንም። 250 ዓመት ሙሉ በነፃ ተስተናግደዋል። አሁን 300 ብር ሲባሉ ነው የሚጮኸው?

ፈንቴ፦ እና የብሩስን ዕዳ ከዚህ ልጅ ቲማቲም ላይ ልትቀንስ ነው?

ዘ ቁስቋም፦ ቲማቲሙ ለሱ ምኑ ነው?

ፈንቴ፦ አለቀልኝ።

የመተማ መንገድ፦ እናንተ ፈረንጅ ፈረንጅ ትላላችሁ። እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ሲነድ በመተማ የገቡትን ሱዳኖች አይታችኋል? አቅም ያላቸው ጎንደር ቤት ተከራዩ። አቅማቸው ደግሞ በእጃቸው ያወጡት ወርቅ ነው፣ ሲያልቅ አለቀ። የኔ ጎረቤት አንዲት እናት ከሦስት ልጆች ጋር አስገብቶ ሌላው የሚከፍለውን ሦስት እጥፍ አስከፈላት። ለምን ብለው «የውጭ ዜጋ ናት» አለኝ። ለሷም ምኗ ነው ልትሉ ነው? ሬዲዮ ላይ ያ ሰው የተናገረው ነገር ሄዶ ሄዶ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ፈረንጁማ ከመረረው ቲኬት ቆርጦ ይሄዳል።

ዘ ቁስቋም፦ ሱዳን? ደርቡሽ፣ የሱዳን መሐዲ ጦር፣ በ1880 ዓ.ም ጎንደርን ምን እንዳደረጋት እዚህ የሚያውቅ የለም? ስንት ቤተ ክርስቲያን ነደደ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች ናቸው ያተረፏት ይሉናል አባቶቻችን።

የመተማ መንገድ፦ ከ1880 ጀምሮ ያለውን ኪራይ ከሦስት ሕፃናት ልትሰበስብ ነው? ይሄን የጻፍከው ሳታፍር ነው?

እትዬ ማራኪ፦ ልጄ ዘ ቁስቋም፣ ይሄንስ አልቀበልም። እኔም ሱዳን አከራይቻለሁ። ተሰዶ የመጣ ሰው ላይ ዋጋ አልጨምርም። ቅድሚያም አልጠየቅሁም።

የግቢው መምህር፦ እንግዲህ እትዬ ኪስ ሳያዩ በፊት ሰው አይተዋል ማለት ነው። ለአዲሱ መምህርም እንደዚያው ያድርጉለታ።

እትዬ ማራኪ፦ እሱ አልተሰደደም። ወዶ ነው የመጣው።

አስተዳዳሪ፦ ዘ ቁስቋም ስለ ሱዳኖች የጻፈው ሌላ አስተያየት ተነስቷል። ዘር ላይ ያነጣጠረ ነገር አይጻፍ።

ዘ ቁስቋም፦ የኔን ብቻ ነው የምታነሳው። ሬዲዮው እስኪበቃው ሲስቅ ዝም ብለሃል።

ከሜሪላንድ፦ ሌላ ነገር። ፓርላማው እኮ በ2017 የውጭ ዜጋ ቤት እንዲገዛ ፈቅዷል። ነገ አጠገባችሁ ቤት ገዝቶ ዕድርተኛ ይሆናል። ለቅሶ ላይ ድንኳን ሲጥልም የፈረንጅ መዋጮ ልታወጡ ነው?

ዝምታ ወርቅ ነው፦ ድንኳን ከጣለማ ጎንደሬ ሆነ። ይሰረዝለታል።

ፈንቴ፦ እኔን የሚገርመኝ አንድ ሰው ውስጥ ሁለቱም መኖሩ ነው። ያው መምህር ጎረቤቱ ቡና ትጠራዋለች፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሳይበላ አትለቀውም። ዓርብ ከሆነ ሽሮ፣ ፍስክ ከሆነ ዶሮ። ብር ላውጣ ቢል ትቆጣለች። የጎረቤቱ ልጅ ደግሞ ባጃጅ ነጂ ነው። ከበሩ ሲያወጣው 300 ይለዋል።

ባለ ሦስት እግር፦ እኔን ነው?

ፈንቴ፦ ስም አልጠራሁም።

አስጎብኚው፦ ጥምቀት ሰሞን ምን ይባላል ታዲያ? ጥር 10 ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ የሐበሻ ልጅ ለአንዲት ትንሽ ክፍል ስንት እንደሚጠየቅ አላያችሁም? እሱም የአገሩ ልጅ ነው። ፈረንጅ ብቻ አይደለም የሚገፈፈው። ወቅቱ ነው የሚገፍፈው። እኛም ከፋሲል መዋኛ እስከ ጃን ተከል ስንራወጥ ዓመቱን የምንበላው በዚያ ሳምንት ነው። ባለፉት ዓመታት መንገዱ እንዲህ ሆኖ ጎብኚ ጠፋ። አንድ ፈረንጅ ሲመጣ ሁላችንም የምንረባረብበት ለዚህ ነው። ከርሃብ የመጣ ነገር ነው፣ ክፋት አታድርጉት።

የፒያሳው ልጅ፦ ርሃቡ ይገባኛል። ግን የመጣውን አንዱን እንዲህ ካደረግነው ሁለተኛው ይመጣል? ጽፎታል እኮ! አንብበውታል!

አስጎብኚው፦ አንተ መፍትሔው ምንድነው ትላለህ?

የፒያሳው ልጅ፦ ታሪፍ ይለጠፍ። በየባጃጁ፣ ከኋላ፣ በትልቁ። ለሰው ይህን ያህል፣ ለኮንትራት ይህን ያህል፣ ማታ ይህን ያህል። በቁጥር ስለሆነ ማንም ያነበዋል። ከዚያ በላይ የጠየቀ ይጠየቅ።

ባለ ሦስት እግር፦ ይለጠፍ፣ እኔ አልጠላም። የቤንዚኑም ይለጠፍ።

የፒያሳው ልጅ፦ የቤንዚኑ ዋጋ ማደያው ላይ ተለጥፏል እኮ።

ባለ ሦስት እግር፦ አዎ፣ ዋጋው አለ። ቤንዚኑ ነው የሌለው።